አፉ ታስሮ ደጅ የቆመው ማዳበሪያ

እኔ ስጮኽ ሰው ይስቃል። ለዓመታት ለፍቼ ያመጣሁት ስለሆነ ማንንም አልወቅስም።

ስሜ ሽፈራው ነው፤ ሰፈሩ ሽፌ ይለኛል። ሱቄ መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት ቀጭን መንገድ ላይ ናት። ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና ላስቲክ እሸጣለሁ። ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት የስፌት መኪና አለችኝ፤ ሱሪ አሳጥርባታለሁ። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ስገባ ሐሳቤን ውጭ ትቼ ነው የምገባው፤ ሁለታችንን አትችልም።

አንድ ጊዜ «አንበሳ ከግቢው አምልጦ ሱቄ መጣ» ብዬ አወራሁ። «ጋማዬ እየተከፈተ አስቸገረኝ፣ ዚፕ ግጠምልኝ አለኝ። እኔን ሲያይ ዝም ብሎ ነበር፤ ያገሳው ዋጋውን ስነግረው ነው።» ሌላ ቀን ደግሞ «ሌባ! ሌባ!» ብዬ ጮኼ መንገዱ ሁሉ ዱላ ይዞ ሲወጣ፣ የናሙና ጨርቄን የምታኝክ ፍየል አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሱቄ ቢቃጠል መጀመሪያ ስቀው፣ ዕንባቸውን ጠርገው፣ ከዚያ ነው ውሃ የሚፈልጉልኝ።

እንግዲህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በዚህ ሰው ላይ ነው።

ከክፍለ ሀገር ክር የሚያዙኝ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ፣ ከጎንደር። በቴሌግራም እንገናኛለን። ከተረፈ ጨርቅ ገጣጥሜ የሠራሁትን ብርድ ልብስ ፎቶ አንስቼ ብለቅላቸው ወደዱት። እኔም ሳላስበው «ለምን እያንዳንዳችን ከቁርጥራጭ ካሬ ካሬ እየሰፋን በፖስታ አንለዋወጥም?» አልኩ። ሁሉም ሰው ለሌሎቹ የሚበቃ ካሬ ሰፍቶ ወደ እኔ ይልካል። እኔ ቀላቅዬ፣ ለእያንዳንዱ ከሁሉም እጅ አንድ አንድ አድርሼ መልሼ በፖስታ እልካለሁ። በዚህ ዓይነት የጅማውና የጎንደሩ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ አንድ ብርድ ልብስ ላይ ጎን ለጎን ይሰፋሉ።

ጎረቤቴ ከድር የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ነገሩን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «ያ ረቢ! ሰው ድሪቶ ይጥላል፤ ይሄ በፖስታ ያስመጣል!»

የመጀመሪያው ዙር አዋረደኝ። «ጎኗ አንድ ስንዝር ትሁን» ብዬ ነበር፤ ግን የማንን ስንዝር እንደሆነ አልተናገርኩም። የጅማው ሰውዬ እጅ አካፋ ነው መሰለኝ፣ ትራስ የሚያክል ካሬ ላከ። የሐዋሳዋ ልጅ የላከችው ደግሞ ለሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አይበቃም። በሁለተኛው ዙር ከካርቶን ልክ ቆርጬ ለሁሉም ላክሁና ነገሩ መስመር ያዘ።

በዚሁ ዙር መሐል እትዬ ዘምዘም ደወሉልኝ። እትዬ ዘምዘም ደሴ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሙሽራ ልብስ የሰፉ ሴት ናቸው። በአካል አይቻቸው አላውቅም።

«ሽፌ፣ የምነግርህን በቀልድ እንዳትወስድብኝ» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ ቀልድ አላውቅም።»

«ዓይኔ እየሄደ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይመለስም ብሎኛል። መስኮቱ አጠገብ ስቀመጥ ብቻ ቀለም እለያለሁ፤ እሱም ዛሬ ከትናንት እያነሰ ነው። ለእኔ የሚደርሱትን ካሬዎች በእጅ ከሚለይ ጨርቅ ሥሩልኝ። ከፋይም ይሁን፣ ሱፍም፣ ጂንስም፣ ዳንቴልም። አንዴ በዓይኔ ልያቸውና ቀለማቸውን ከጣቴ ጋር ላስተዋውቅ። ከዚያ ዓይኔ ቢዘጋም ጣቴ ይነግረኛል።»

«እሺ» ብቻ አልኩ። ቴሌግራም ላይ ስጽፈውም ከወትሮዬ የተለየ ስለሆነባቸው «ሽፌ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ሁሉም ሥራ ጀመረ። አንዱ ከአባቱ ካፖርት ቆረጠ፤ አንዷ ከፋይ ፍለጋ ከተማ ለከተማ ዞረች። ከፋይ ደግሞ በስፌት መኪና ሥር እንደ ዓሣ የሚያመልጥ ጨርቅ ስለሆነ ሥራው ወራት ፈጀ። ፖስታ ሳጥኔን የምከፍትበት ቁልፍ ከመመላለስ ብዛት አለቀ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ፤ ግን ብዙ ተመላልሻለሁ።

በመጨረሻ ሁሉም ደረሰ። የእትዬ ዘምዘምን ለብቻ በነጭ ነጠላ ቋጠርኩት፤ ከሌሎቹ ጋር በንጹህ ማዳበሪያ ከተትኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ልመድበው፣ ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ላደርሰው ወሰንኩ።

አሁን የመንገዳችንን ሕግ ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሳምንቱን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ይሞላና አፉን አስሮ ቅዳሜ ከሰዓት ደጁ ላይ ያቆማል። የፍራሽ ሠሪው የጋሼ ናስር ተሸካሚ መጥቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ አንስቶ ይሄዳል። ጨርቁን በማሽን በጣጥሰው ፍራሽና ትራስ ይሞሉበታል። አፉ ያልታሰረ ማዳበሪያ አይነካም። አፉ ታስሮ ደጅ የቆመ ግን የጋሼ ናስር ነው፤ የለም፣ አይሆንም የሚባል ነገር የለም። ይህን ሕግ ካወጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

በዚያ ቅዳሜ ካሬዎቹን ወለል ላይ ልደረድር አሰብኩና መጀመሪያ ሱቋን ልጥረግ አልኩ። አቧራው እንዳይነካቸው ብዬ ማዳበሪያውን ወደ ደጅ አወጣሁት። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ደግሞ አፉን አሰርኩት። እንዲያውም ጥሩ አድርጌ፣ በሁለት ቋጠሮ!

ጠርጌ ጨርሼ ስወጣ ደጁ ባዶ ነው። እውነተኛው የቁርጥራጭ ማዳበሪያ አፉን ከፍቶ ሱቋ ውስጥ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የሚስቅብኝ ነው የመሰለኝ።

«ከድር! ማዳበሪያዬ!»

ከድር ከጨርቅ ጥቅሉ ላይ ቀና አለ። «አንበሳው ወሰደው?»

«የእትዬ ዘምዘም ካሬዎች! የሁሉም ካሬዎች! የጋሼ ናስር ሰው ወሰዳቸው!»

«ፍየሏን ጠይቀሃታል?»

«በእናቴ ሞት!»

«እናትህ በአንተ አፍ ስንቴ ሞተው ስንቴ ተነሱ?» አለ። መንገዱ በሙሉ ሳቀ። አንዱ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሆዱን ይዞ ነበር።

ሮጥኩ። ሜትሬ አንገቴ ላይ፣ መቀሴ ደረቴ ላይ እየተወዛወዘ፣ አንድ እግሬ ነጠላ ጫማ ሌላው ካልሲ ብቻ። ቅዳሜ ከሰዓት መርካቶ ውስጥ መሮጥ ማለት ግድግዳን እየገፉ መሄድ ማለት ነው። ከፊቴ ሸክም፣ ከኋላዬ ጋሪ፣ ከጎኔ «ዞር በል! ዞር በል!» የሚል ሰው። የማውቃቸው ሁሉ «ሽፌ፣ ዛሬ ደግሞ ማን እያባረረህ ነው?» እያሉ ያጨበጭቡልኛል።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘምዘም ናቸው።

«ዛሬ ነው አይደል የምትመድበው?»

«አዎ እትዬ! እንደ ሙሽራ ተኩለው ፊቴ ተቀምጠዋል።» አጠገቤ ያለ ኢሱዙ ጆሮ የሚበጥስ ጡሩምባ ነፋ።

«ተመስገን» አሉና ዘጉ።

የቀረው ይቀር ይሆናል፤ ሌሎቹ በድጋሚ ይሰፋሉ። የእሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው። እንደገና ተሰፍቶ፣ ተልኮ፣ እስኪደርስ ድረስ መስኮቱ አይጠብቃቸውም።

የጋሼ ናስር ቤት ደጃፍ ስደርስ ጨለማ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። ደስ አለኝ። እግሬን ከማስገባቴ መብራቱ መጣ፣ ማሽኑም አገሳ። አንበሳ ያገሳል እያልኩ ስቀጥፍ የኖርኩ ሰው እውነተኛውን ግሳት ያን ጊዜ ሰማሁት። ከማሽኑ አፍ ቀይ ብናኝ ወጣ። ቀይ! የእትዬ ዘምዘም ከፋይ ቀይ ነው!

«አቁሙት! ስለ ፈጣሪ አቁሙት!»

ሠራተኞቹ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «ሽፌ መጣ! ዛሬ የት ነው ቲያትሩ?»

ጋሼ ናስር፣ ኮፍያቸው ሁልጊዜ ጥጥ እንደለበሰ የሚኖር የወሎ ሽማግሌ፣ ከመርፌያቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሥራ ላይ ነን። ቀልዱን ለሻይ ሰዓት አቆየው።»

«ጋሼ፣ እየቀለድኩ አይደለም። የወሰዳችሁት የሰው አደራ ነው።»

«ባለፈው ደግሞ የወርቅ ቀለበቴ ማዳበሪያው ውስጥ ገባ ብለኸን ግማሽ ቀን ጨርቅ ስንበትን ዋልን። ቀለበቱ ጣትህ ላይ ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ተንበርክኬ ቀዩን ብናኝ በእጄ መሰብሰብ ጀመርኩ። ምን ላደርገው እንደሆነ እኔም አላውቅም። በእፍኝ በእፍኝ ኪሴ እከታለሁ።

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ጋሼ ናስር ተነስተው ማሽኑን አጠፉትና ከአጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ተው። ይሄ የመጋረጃ ቁራጭ ነው፣ ያንተ አይደለም።» ወደ ተሸካሚው ዞሩ። «ከሽፌ ደጅ ያመጣኸው የት አለ?»

ተሸካሚው ራሱን አከከ። «መብራት ስላልነበረ እሱ አልተበጣጠሰም ጋሼ። ያቺ ፍራሽ አዝዛ የቸኮለችው ሴትዮ ፍራሽ ውስጥ እንዳለ ጠቀጠቅነው። ጨርቁ ንጹህ ነበር።»

«ሴትዮዋስ?»

«አሁን ወጣች። ላዳ ላይ ጭና፣ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል።»

ጋሼ ናስር ትከሻዬን ገፉኝ። «ሩጥ! ድልድዩ ጋ ቅዳሜ መኪና ቆሞ ነው የሚውለው። ትደርስባታለህ።»

እየሮጥኩ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ሽፌ፣ ደህና ነህ? ትንፋሽህ…»

«ደረጃ እየወጣሁ ነው እትዬ።»

«ሱቅህ ደረጃ አለው?»

«ዛሬ ሠራሁለት!»

«ሙሽሮቹስ?»

«እርስዎን እየጠበቁ ናቸው።»

የዚያን ቀን የመኪና መጨናነቅ ፈጣሪ ያወረደልኝ መሰላል ነው። ድልድዩ ጋ መኪናው በመኪና ላይ ተደግፎ ቆሟል። ላዳ እፈልጋለሁ። አንዱ ላይ ሶፋ፣ አንዱ ላይ የበግ መንጋ… እሺ፣ ሁለት በግ። ከዚያ ወዲያ፣ ከአንዲት አሮጌ ላዳ ጣሪያ ላይ፣ ባለ ሰማያዊ መስመር አዲስ ፍራሽ በሲባጎ ታስሮ አየሁ። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ላዳዋ ፊት ሄጄ በሁለት እጄ ኮፈኗን ያዝኩ።

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «ምን ሆነሃል? ልትሞት ነው?»

«ፍራሹ! እዚያ ፍራሽ ላይ ማንም እንዳይተኛ!»

«ትኋን አለበት እንዴ?»

ከኋላ ወንበር ጠና ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴት ወረዱ። «ምን አልክ አንተ? ዛሬ የተሰፋ ፍራሽ ነው!»

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ዶላር ተሰፍቶበት ነው» አለ። «ዶላር» የሚለው ቃል መርካቶ አካባቢ ከአምቡላንስ ይፈጥናል፤ በአንድ ትንፋሽ ጊዜ ውስጥ አካባቢው ጠቆረ። አንድ ጎረምሳ ሲባጎውን መነካካት ጀምሯል። ሌላ ሩብ ሰዓት ብንቆይ ፍራሹ ብቻ ሳይሆን ላዳዋም ተበትና እያንዳንዱ ቁራጯ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ትሸጥ ነበር።

ለሴትየዋ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ስለ ካሬዎቹ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ደሴዋ እናት ዓይን። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሳልጨምር ሳወራ ደግሞ ውሸት ይመስልብኛል፤ አልለመድኩትም።

«ልጄ ዛሬ አራስ ሆና ከሆስፒታል ትወጣለች» አሉ። «የአራስ ፍራሽ አደባባይ ላይ ቅደጂ ነው የምትለኝ? ለድሪቶ?»

ስልኬ ጮኸ። ላጠፋው ስል ተሳስቼ ድምፅ ማጉያውን ነካሁት።

«ሽፌ» አሉ እትዬ ዘምዘም፤ ሰው ሁሉ ሰማ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና አላስቸግርህም። ለእኔ የመጣው ከፋይ ምን ዓይነት ቀይ ነው? ዛሬ መስኮቱ ደበዘዘብኝ። ሳይደርስልኝ ቀይና ቡናማ እንዳይቀላቀልብኝ ፈራሁ።»

ውሸት ፈለግሁ። ሙሉ ዕድሜዬን ከምላሴ ሥር ጠፍቶ የማያውቅ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጠፋ። ሴትየዋ ስልኩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«እትዬ፣ በላይነሽ እባላለሁ። ጥቅሉ ገና አልተፈታም። አሁን ልንፈታው ነው። ሲፈታ ቀይነቱን እንነግርዎታለን።» ዘጉትና ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «አውርደው!»

ፍራሹን የእግረኛ መንገዱ ላይ ዘረጋነው። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ፈትተው ሕዝቡን እንደ ዝንብ እሽ አሉት። የጠርዙን ስፌት በመቀሴ ፈታሁ፤ ስቸኩል የገዛ ጣቴን ወጋሁ። መጀመሪያ ጥጥ ወጣ። ከዚያ የማላውቀው ብጥስጣሽ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩት። እንደ ከብት ሐኪም የፍራሹን ሆድ እዳብሳለሁ። ጥጥ ብቻ። ጥጥ። ከዚያ ጣቴ አንድ ለስላሳ፣ ወዲህ ሲዳስሱት የሚተኛ፣ ወዲያ ሲዳስሱት የሚቆም ነገር ነካ። ሳላየው አወቅሁት። እትዬ ዘምዘም ያሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ በእጄ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከፋዩን አውጥቼ ለፀሐይ አነሳሁት። ደወልኩ።

«እትዬ፣ የደረቀ በርበሬ ቀይ ነው። ሲታጠፍ ውስጡ ጠቆር ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከሕዝቡ መሐል ዶላር ጠባቂው ጎረምሳ «በቃ ጨርቅ ነው?» ብሎ ሄደ።

ሁሉም ወጣ። ነጠላው ቢፈታም ካሬዎቹ አልተጎዱም። የፍራሹ ሆድ ግን ከአከርካሪው ጋር ተጣበቀ። «አሁን ልጄ በምን ላይ ትተኛ?» አሉ እትዬ በላይነሽ። ጃኬቴን አውልቄ ልጠቀጥቅ ስል ከሰው መሐል «ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከድር ነው! ያንን እውነተኛውን የቁርጥራጭ ማዳበሪያ ተሸክሞ፣ ላቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወርዶ።

«እንዴት አመንከኝ?» አልኩት።

ማዳበሪያውን ጥሎ ተነፈሰ። «ሱቅህን ክፍት ትተህ ሄድክ። በሩ ክፍት፣ መሳቢያው ክፍት። ቀልደኛ ሰው አንድ ነገር ይዘጋል። ይህን ማዳበሪያ በካሬዎቹ ለውጥ ይዤ ጋሼ ናስር ጋ ብሄድ ወደዚህ ላኩኝ። ባለቤቴን ሱቅህ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ አትጨነቅ።»

ሦስታችን ተንበርክከን ፍራሹን ሞላነው። ከበፊቱ የወፈረ ሆነ። በወፍራም መርፌ ጠርዙን ስሰፋ እትዬ በላይነሽ እጄን ያዙኝ። «ከጠርዙ ከተረፈው የፍራሽ ጨርቅ ቁረጥ። ለሴትየዋ የእኔም ትግባ።» ከአንዱ ካሬ ጋር እኩል አድርጌ ቆረጥኩላቸው። ባለ ሰማያዊ መስመር፣ ደረቅ፣ እንደ ሰሌን የሚሻክር ጨርቅ።

ሰኞ ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ።

ጥቅሉ ደሴ በደረሰ ዕለት እትዬ ዘምዘም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ደወሉ። እያንዳንዱን አንስተው፣ ቀለሙን እየጠሩ፣ በጣታቸው ሲያሹት ድምፁ በስልክ ይሰማኛል። ቀዩ ከፋይ ላይ ቆዩ። ከዚያ አንዱን አነሱ።

«ይሄስ የማን ነው? የፍራሽ ልብስ እኮ ነው።»

ነገርኳቸው፤ ከሁለቱ ቋጠሮ ጀምሬ እስከ ድልድዩ። ስጨርስ «እትዬ፣ ያምኑኛል?» አልኩ።

«እኔማ ያን ቀን አውቄ ነበር» አሉ። «ሙሽሮቹ ፊቴ ተቀምጠዋል ስትለኝ ከኋላህ ኢሱዙ ይጮኻል። የሄደው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«እየሮጥክ ነበራ። የሚሮጥ ሰው ምን ይቆጡታል? እየደወልኩ አብሬህ ሮጥኩ።»

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ቀልድ ተውኩ ብላችሁ ልታስቡ ነው። አልተውኩም፤ ብተው መንገዱ ይዘጋል። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ዛሬ በኛ ሰፈር «ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» ካልኩ ማንም አይስቅም፤ ከድር ሳይጠይቅ ጫማውን ያጠልቃል። እናንተም እንዲህ ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ፤ በምንም ዓይነት ጨዋታ ላይ የማታወጡት። እኔ ሳላዘጋጅ በካልሲ ነው የሮጥኩት። ማዳበሪያም ደጅ ላይ አፉን አላስርም፤ እሱን ግን ሳልናገርም ታውቁታላችሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት እትዬ ዘምዘም ደወሉ።

«ሽፌ፣ መስኮቱ ዛሬ የለም።»

መቀሴን አስቀመጥኩ።

«ሽፌ» አሉ። «ተው፣ አታልቅስብኝ። ብርድ ልብሱ ጭኔ ላይ ነው፤ ቀዩን ይዣለሁ። ቀይነቱ አለ፣ አልሄደም። በል አንድ ውሸት ንገረኝ።»

«እትዬ፣ ያ አንበሳ ዛሬ ተመለሰ» አልኳቸው። «ዚፑ ተበላሸብኝ፣ ቀይርልኝ ይላል።»

ሳቃቸው ደሴ ድረስ የሚሰማ ነበር። እሳቸው ያሉትም ደሴ ነው፤ ግን እኔ መርካቶ ሆኜ ያለ ስልክ የሰማሁት መሰለኝ።